ማን ይመረመር? የነጂው ትንፋሽና የአስተዳዳሪው ሕሊና

አንድን ሠራተኛ ለዕለት እንጀራው ሲል ሽንቱን በብልቃጥ እንዲያስረክብ ማስገደድ ተገቢ ነውን? ጥያቄው በአሜሪካ የሕዝብ ማመላለሻ መሥሪያ ቤቶች አውቶቡስና ባቡር ለሚነዱ ወገኖቻችን የንድፈ ሐሳብ ጨዋታ አይደለም፤ ስማቸው በዕጣ በወጣ ቁጥር የሚገጥማቸው የኑሮ ጉዳይ ነው። ስለ ሰው ልጅ መብት ስንጽፍና ስንከራከር የኖርን ተማሪዎችም ከስሜት የራቀ መልስ ልንፈልግለት ይገባል።

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። ኦገስት 28 ቀን 1991 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በዩኒየን ስኩዌር ጣቢያ አጠገብ የምድር ውስጥ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 5 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ነጂው ሰክሮ ነበር። በሁለት ወሩ አንድ የፌዴራል ሕግ ጸደቀ። በዚህ ሕግ መሠረት የሕዝብን ደኅንነት የሚነካ ሥራ የሚሠሩ ሁሉ፣ ማለትም ነጂዎች፣ መካኒኮችና የጉዞ ተቆጣጣሪዎች፣ ሲቀጠሩ፣ በድንገተኛ ዕጣ፣ ከአደጋ በኋላና አጠራጣሪ ምልክት ሲታይባቸው እንዲመረመሩ ተደነገገ።

የመብቱ ክርክር ግን ከሕጉ ይቀድማል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 የባቡር ሠራተኞች ማኅበራት ያቀረቡትን አቤቱታ በ7 ድምፅ ለ2 ውድቅ አድርጎ ምርመራውን ፈቀደ። ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በልዩነት ሐሳባቸው፣ ነጻነት ብዙውን ጊዜ አደጋ ላይ የሚወድቀው በጥድፊያ ሰዓት መሆኑን አስጠነቀቁ። በአስቸኳይ ጊዜ ስም መብት ሲገፈፍ ለተመለከትን ስደተኞች ይህ ማስጠንቀቂያ እንግዳ አይደለም።

ሆኖም በዚህ ጉዳይ ከተሳፋሪው ጎን መቆም ግድ ይለናል። ተሳፋሪ ነጂውን አልመረጠውም፤ ጠጥቶ እንደሆነም ሊጠይቀው አይችልም። ከምሽት ሥራዋ የምትመለስ እናት ልጇን አቅፋ ስትሳፈር ሁለት ሕይወት አደራ ትሰጣለች። የሰው ሕይወት በአደራ የተቀበለ ሰው «የግል ጉዳዬ ነው» ብሎ ሊያመልጥ አይገባውም። ስለዚህ ምርመራውን በመርሕ እንቀበላለን። ነገር ግን አደራውን የተቀበለው ነጂው ብቻ ነውን?

በመጀመሪያ ብልቃጡ ምን እንደሚናገር እንመርምር። የትንፋሽ መለኪያ ስለ አሁኑ ሰዓት ይመሰክራል፤ የአልኮል መጠን 0.04 ከደረሰ ነጂው ከሥራው ይነሣል፤ ይህም በአብዛኞቹ ስቴቶች ለተራ ሾፌር የተወሰነው የ0.08 ግማሽ ነው። ሽንት ግን የሚመሰክረው ስላለፈው ነው። የማሪዋና ርዝራዥ ለቀናት፣ አዘውታሪ በሆነ ሰው ላይ ደግሞ ለሳምንታት ሊገኝ ስለሚችል፣ ውጤቱ ሰውየው ምን እንደወሰደ እንጂ ዛሬ እንዴት እንደሚነዳ አይገልጽም። በሌላ በኩል የፌዴራሉ ምርመራ የሚፈልገው አምስት የዕፅ ዓይነቶችን ሲሆን፣ እኛ በቅርብ የምናውቀው ጫት ከእነዚያ መካከል የለም። ሌሊቱን ሲቅም አድሮ ማለዳ መሪ የሚጨብጥ ወገናችን ብልቃጡ ነጻ ቢያወጣው፣ በተሳፋሪዎቹ ፊት ነጻ ሊሆን ነውን? ሕሊናን ለላቦራቶሪ አከራይቶ መተኛት አይቻልም።

ሁለተኛውና የከበደው ነገር ድካም ነው። ማርች 24 ቀን 2014 በቺካጎ ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ የከተማው ባቡር የመጨረሻውን ማቆሚያ ጥሶ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ ወጣ፤ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ተጎዱ። ምክንያቱ መጠጥ ሳይሆን ነጂዋን እንቅልፍ መጣሉ ነበር። የብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም ከነጂዋ ድካም ጎን ለጎን የመሥሪያ ቤቱን የሥራ ሰዓት አመዳደብ ጉድለት በምክንያትነት ጠቀሰ። እንዲህ ያለውን ጥፋት በሠራተኛው ሽንት ውስጥ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ነጂው ለዕጣ ሲጠራ፣ የሥራ ተራውን በጠረጴዛ ላይ የደለደለው ኃላፊ አይጠራም። ቅራኔው እዚህ ላይ ነው፤ ተጠያቂነት ወደ ታች እንደ ውኃ ይወርዳል፣ ወደ ላይ ግን አይወጣም።

ሦስተኛው ጥያቄ ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ነው። ሕጉ አንዳንድ መከላከያ አለው፤ ላቦራቶሪው ያገኘውን ሐኪም ሳይመረምር ውጤቱ አይጸናም፤ ሠራተኛውም በ72 ሰዓት ውስጥ የናሙናው ሁለተኛ ክፍል በሌላ ላቦራቶሪ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ይባረር ወይስ ታክሞ ይመለስ ለሚለው ግን የፌዴራሉ ሕግ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም፤ ለአሠሪውና ለኅብረት ስምምነቱ ይተወዋል። እንዲመለስ ከተፈቀደለት በባለሙያ ታይቶ፣ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 6 ጊዜ፣ ያውም በሰው ዓይን ሥር፣ ይመረመራል። መራራ መንገድ ነው፤ መንገድ ግን ነው።

«ለተሳፋሪ ደኅንነት ሲባል የተገኘበት ሁሉ ወዲያው ይባረር» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸውን አንንቅም፤ የሞቱትን እያሰቡ ነውና። ነገር ግን መባረር ብቻ የሚጠብቀው ሠራተኛ ሕመሙን ይደብቃል፤ ባልደረባውም እንጀራውን ላለመዝጋት አይቶ እንዳላየ ያልፋል። የተደበቀው ሕመም ደግሞ ተሳፋሪ ጭኖ ይጓዛል። እንግዲህ ምሕረትና ደኅንነት ተቃራኒዎች አይደሉም፤ የሕክምና በር ክፍት የሚሆነው ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለተሳፋሪውም ጭምር ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። ነጂው ይመረመር፤ አደራ አለበትና። የመረመረው መሥሪያ ቤትም ስንት ሰዓት እንዳሠራው፣ መቼ እንዳሳረፈው፣ ሲታመም ምን እንዳደረገለት በሕዝብና በሠራተኛ ማኅበሩ ፊት ይመርመር። ከታች ያለውን ብቻ የሚጠይቅ ሥርዓት ምንም ያህል በሳይንስ ቢታጀብ ደኅንነትን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ራሱን ነው።