ዳቦውን የሚቆርሰው ማን ነው?

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ አበው። ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በፈገግታ ነው። ድግስ ላይ ሥጋ የሚያከፋፍለው ሰው ሽንጡን ለራሱ ሲያስቀር ይነገራል፤ ውርስ የሚያካፍለው ታላቅ ወንድም የመንገድ ዳሩ ቦታ «በዕጣ» ሲደርሰው ይነገራል፤ ኮሚቴ የገዛ አበሉን ልክ ራሱ ሲወስን ይነገራል። አንዳንዱ ለትዝብት ይጠቀምበታል። ሌላው ደግሞ «ምን ያሳፍርሃል፣ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም» እያለ የሚያመነታውን ጓደኛውን ያደፋፍርበታል። ታዛቢውም አደፋፋሪውም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ቆራሹና ተቀባዩ አንድ ሰው ከሆኑ ቁራሹ ይተልቃል። ተረቱ ስለ ክፉ ሰው እንደማይናገር ልብ ይሏል። የሚናገረው ስለ ማንኛውም ሰው እጅ ነው። ስለ ክርስቲያናዊ ልግስና ሲሰበክ ደግሞ የሚዘለለው ይኸው ነው። ሰውን «ቸር ሁን» ማለት ይቀናናል እንጂ ቢላዋውን ማን እንደያዘው አንጠይቅም።

ተረቱን መጀመሪያ የሚሞግተው የገዛ ገበታችን ነው። ሰው ሲያጎርስ እጁን ተመልከቱ። ለራሱ ከሚጎርሰው እጥፍ አድርጎ ይጠቀልላል፤ ወጡን ያበዛል፣ ሥጋ ይጨምርበታል፣ የተጎራሹ አፍ ይበቃው አይበቃው አይጨነቅም። ይህም አንሶ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛውን ያስከትላል። ያው እጅ ነው፤ ለሌላው ሲሆን አላሳነሰም። ታዲያ ተረቱ ተሳስቷል? አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ጉርሻው ለማን እንደሚደርስ ማየት ያስፈልጋል። ጉርሻ የሚደርሰው ፊት ለፊት ለተቀመጠ፣ ዐይን ለዐይን ለሚተያይ፣ ነገ በተራው ለሚያጎርስ ሰው ነው። ከአጥር ውጭ ለቆመው ማንም ተነሥቶ አያጎርስም። ስለዚህ በተረቱ ውስጥ ያለው «ራስ» አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብን፣ ወዳጅን፣ ወገንን ሁሉ ያቅፋል። አቅፎም አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እጃችን የሚያሳንሰው ከዚያ መስመር ማዶ ላለው ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ማሳነሱን ሳያውቀው።

ለዚህ ከመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን የበለጠ ምስክር የለም። የሐዋርያት ሥራ እንደሚተርከው፣ የኢየሩሳሌም ምእመናን ያላቸውን እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር ሥር ያኖሩ ነበር፤ በርናባስም መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን አምጥቷል። ከዚህ በላይ ለጋስ ጉባኤ ማሰብ ይከብዳል። ይሁንና ምዕራፍ 6 ላይ ስንደርስ ማጉረምረም እንሰማለን። የዕለቱ ምግብ ሲታደል ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶች እየተዘለሉ ነበር። መጽሐፉ አዳዮቹን ሌቦች አይላቸውም። እንደሚመስለኝ ያገሩን ቋንቋ የሚናገሩት አዳዮች ያገሩን ቋንቋ የምትናገረውን መበለት በስሟ ያውቋታል፤ ቤቷን ያውቃሉ፤ ስትታመም ይሰማሉ። ከውጭ አገር መጥታ በሌላ ቋንቋ የምትጸልየው ግን ከዐይናቸው ማዶ ነበረች። ተረቱ በቅዱሳን ጉባኤ መካከል ሠራ ማለት ነው። መፍትሔው ደግሞ ከችግሩ የበለጠ ያስደንቃል። ሐዋርያት ስለ ፍቅር ሌላ ስብከት ሰብከው ነገሩን አልዘጉትም፤ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። ስማቸውን እንቁጠር፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሰባቱም የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ኒቆላዎስማ ከአንጾኪያ የመጣ፣ ወደ አይሁድ ሃይማኖት የገባ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የግሪክ ስም ያለው ሁሉ የውጭ ሰው አልነበረም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሰባቱም በአንድ ጊዜ እንዲህ መገጣጠማቸው በአጋጣሚ ነው ለማለት ይቸግራል። ቢላዋው ለተዘለሉት ወገኖች ተሰጠ። እኛ እስጢፋኖስን ሊቀ ዲያቆናትና ቀዳሜ ሰማዕት ብለን እናከብረዋለን፤ የተሾመው ግን ለማዕድ አገልግሎት፣ ያውም ከአቤቱታ በኋላ መሆኑን ብዙም አናነሣውም።

ይህ አሠራር ከሐዋርያት ዘመን በፊትም ሥር አለው። ዘሌዋውያን 19 ባለ እርሻው የማሳውን ዳር አሟጥጦ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ቃርሚያ እንዳይለቅም ያዝዛል፤ ለድኻና ለመጻተኛ ይተው ይላል። እዚህ ላይ ባለ እርሻው አጭዶና ወቅቶ፣ «ይኼ ለአንተ ይበቃሃል» ብሎ በቁና አይሰፍርም። ድኻው ራሱ ገብቶ በራሱ እጅ ይለቅማል። ሞዓባዊቷ ሩት ከቦዔዝ ማሳ የለቀመችው በዚህ ሕግ ነው። ቦዔዝ ከሕጉ አልፎ አጫጆቹ ከነዶው እየመዘዙ ሆን ብለው እንዲጥሉላት አዘዘ፤ የግል ቸርነት ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ልብ በሉ፣ ቸርነቱ የመጣው ሕጉ በሩን ከከፈተላት በኋላ ነበር። ያ በር ባይኖር ሩት ከማሳው ዳር ቆማ የቦዔዝን የልብ ሁኔታ ትጠብቅ ነበር። በተቃራኒው ቆሮንቶስን እንይ። በጌታ እራት ስም ተሰብስበው እያንዳንዱ የራሱን ቀድሞ ይበላ ነበር፤ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል። ጳውሎስ ክፉኛ ይወቅሳቸዋል። በመጨረሻ የሚያዝዛቸው ነገር ግን በጣም ተራ ነው፤ ስትሰበሰቡ ተጠባበቁ፣ የራበው ከቤቱ በልቶ ይምጣ ይላቸዋል። የአበላል ሥርዓት ነው የሰጣቸው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ተረቱን ራሱን ጠበቃ አድርጎ ይነሣል፤ ሰው ለራሱና ለቤቱ ካልቆረሰ ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ጳውሎስስ ቢሆን ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለቤተ ሰቡ የማያስብ ከማያምን ይብሳል አላለም? ብሏል። ያለው ግን ስለ መበለቶች በሚናገርበት ምዕራፍ ውስጥ ነው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላትን መበለት ዘመዶቿ እንዲጦሯት፣ ቤተ ክርስቲያንም ማንም የሌላትን እንድትረዳ ነው የሚለው። «የራስን ማስቀደም» እዚያ ቦታ ላይ የቀረበው ማንም ለሌላቸው እንዲተርፍ ታስቦ እንጂ እጃችንን እንድንሰበስብ አይደለም። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ሌላው እንዲያርፍ እናንተ ትጨነቁ አልልም፣ ነገር ግን በእኩልነት ይሁን ሲል ይጽፋል፤ ስለዚህ መለኪያው ራስን ማጥፋት አይደለም። ቀጥሎም የቂሳርያው ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ነገሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ጎተራውን ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጠጋ ሲሰብክ፣ ተቆልፎ የተቀመጠው እህል የተራበው ሰው ንብረት እንደሆነ ያስተምራል። ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ አልዓዛር በሰበከው ውስጥ ላለመስጠት የሚመርጠውን ሰው ቀማኛ ይለዋል። እነዚህ አባቶች የሚጠይቁት ከራሴ ድርሻ ምን ያህል ልስጥ የሚለውን አይደለም፤ ድርሻህን ማን ለካልህ ነው የሚሉት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበጎ ልብ የሚመነጭ ነው። እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወድዳል፤ ልግስናን የኮሚቴና የመዝገብ ጉዳይ ካደረግነው ፍቅሩ ይደርቃል ይላል። ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን በደስታ ስለሚሰጠው ሰው የጻፈው ጳውሎስ ራሱ፣ ለዚያው ለቆሮንቶስ ጉባኤ እያንዳንዱ በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እንደ ቻለ መጠን ለይቶ እንዲያስቀምጥ አስቀድሞ አዝዟል፤ ገንዘቡም እነሱ ራሳቸው በመረጧቸው ሰዎች እጅ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲሄድ አድርጓል። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት የሚጓዝበትን ምክንያት ሲገልጽም፣ ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን ይላል። ሐዋርያው ለገዛ እጁ ቢላዋውን ብቻውን አላመነም! እኛ ግን «እሱማ የእግዚአብሔር ሰው ነው» ብለን ቁልፉንም ደረሰኙንም ለአንድ ሰው እናስረክባለን። ልመና ስንፍናን ያበረታታል የሚለውን ሦስተኛ ተቃውሞ በአጭሩ ልለፈው። ጳውሎስ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ያለው ለማይወድ ነው፤ ዐይኑን ላጣ ሽማግሌ ወይም ልጇን ታቅፋ ለተፈናቀለች እናት ያንን ጥቅስ መጥቀስ ነውር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ በሕይወት የተጻፈው ነው። ያለ ሕግና ያለ ኮሚቴ፣ ብቻቸውን ለሌላው ያተለቁ እጆች አሉ። አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ወሎ በራብ በተመታበት ጊዜ፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄዱ። በመንገድ ላይ የያዙትን ዳቦና ጸበል ለተራቡት አደሉ፤ ሲያልቅባቸው ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቹም እየበዙ ሄዱ፤ ለዚህም ትዳራቸውንና ቤታቸውን ከፍለዋል። ተረቱን እኚህ ሴት አልሰበሩትም? በእኔ ግምት ተረቱን የሰበሩት ከውስጡ ገብተው ነው። ዳቦው አለቀ፤ ዳቦ ሁልጊዜ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን የ«ራስ»ን መስመር ማንሣት ነበር፤ ልጆቹን ከመንገድ ዳር አንሥተው የራሳቸው አደረጓቸው። ለራስ ሲቆረስ ካልተሳነሰ፣ ለእነዚያ ልጆችም አልተሳነሰም። እሳቸው በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉም የመሠረቱት ድርጅት ሥራውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ የአንድ ሰው እጅ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ አብሯቸው በተቀበረ። ሰው በላውን በላዔ ሰብእን ያዳነችው፣ ለተጠማ የሰጣት ጥርኝ ውኃ ለእኛ የተነገረችው ትንሽ ስጦታ እንዳይናቅ ነው። ጥርኝ ይበቃናል ብሎ ለመቀመጥ የሚጠቅሳት ካለ ግን ታሪኩን አልሰማም።

በየአጥቢያው ያለውን ልማድ በዚህ መስፈርት ብንመዝነውስ? ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ከአባቶች የወረስናቸው የከበሩ ማዕዶች ናቸው፤ ሲጀመሩ ነዳያንን ያሰቡ ናቸው። ዛሬ በብዙ ቦታ ዳቦው ተባርኮ ከተቆረሰ በኋላ ካህናቱ ይቀምሳሉ፣ ማኅበርተኛው ይበላል፣ የተረፈው በሰፌድ ወደ በሩ ይወጣል። ሙሴውም አሳላፊውም ክፋት የለባቸውም፤ ተረቱ እየሠራባቸው ነው እንጂ። የለጋሾች ስም በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ደግሞ (ያውም እንደ ብሩ መጠን በቅደም ተከተል) የተቀባዮቹ ቁጥር እንኳ ሳይነገር የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሰበካ ጉባኤያችን የካህናት፣ የምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተወካዮች አሉት። በደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት ግን ወንበር የለም፤ ስለ እነሱ የሚወሰነው እነሱ በሌሉበት ነው። ወንበር ቢሰጣቸው እነሱስ ለራሳቸው አያተልቁም ወይ የሚል አይጠፋም። ሊያተልቁ ይችላሉ፤ ሰው ናቸው። ለዚህም ጳውሎስ የተጠቀመበት መድኃኒት አለ፤ ብቻቸውን አይያዙ፣ የተመረጠ ሰው አብሯቸው ይሁን፣ ሒሳቡ በሰው ፊት ይነገር። እንግዲህ የሰበካ ጉባኤ አባል የሆናችሁ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቅርቡ። የምጽዋቱንና የርዳታውን ገንዘብ በሚያከፋፍለው ክፍል ውስጥ ሁለት መቀመጫ ከተረጂዎቹ መካከል እነሱ ራሳቸው ለሚመርጧቸው ሰዎች ይሰጥ። ሐዋርያት ሰባቱንም ሰጥተው ነበር።