በግርግሙ ያሉ ከዋክብት



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት በትምህርት ሰዓት፣ «ከዋክብት ስንት ናቸው? ዕድሜያቸውስ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ስላላወቅሁ፣ አለማወቄንም መግለጥ ስላፈርሁ፣ «ይህ ለነፍስህ አይጠቅምህም» ብዬ ዝም አሰኘሁት። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰም። ዐቢይ ጾም ኅሊናችንን የምንመረምርበት ወቅት ስለሆነ ይህን ሳልደብቅ አነሣዋለሁ።

ዘንድሮ በመጋቢት በተውሶ ባገኘኋት አነስተኛ ቴሌስኮፕ በገውዝና በአሰድ መካከል ያለውን ሸርጣንን ተመለከትሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ከራሳችን በላይ ይደርሳል። በመካከሉ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ እንደ ጭጋግ የደበዘዘ ነገር በዓይን ይታያል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን «ግርግም» ብለውታል፤ በአጠገቡ ያሉትንም ሁለት ከዋክብት «አህዮች» አሏቸው። (ስሙ ከጌታ ልደት በፊት የነበረ ነውና የቤተ ልሔም ምልክት ነው ብለን አንስበክ፤ ወንጌል እንዲህ ያለ ድጋፍ አያስፈልገውም።)

በመጀመሪያ እጅግ የሚያጎላውን መስተዋት ገጠምሁ፤ የተበታተኑ ጥቂት ነጥቦች ብቻ አየሁ። ለካስ ዘለላው ከሙሉ ጨረቃ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፣ በጣም ሲቀርብ ከዕይታ ይወጣል። አነስተኛውን በለወጥሁ ጊዜ ግን ጭጋጉ ሁሉ ከዋክብት ሆነ! ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ በዚሁ ስፍራ ከ40 የሚበልጡ ከዋክብት ማየቱን ጽፏል። ብርሃናቸው ወደ እኛ ለመድረስ 600 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያች ሌሊት ዓይኔ የተቀበለው ብርሃን የተነሣው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግድም ነው። ከዋክብቱ ከአንድ ደመና አብረው ተወለዱ፤ እርስ በርስ በመሳሳብም እስከ ዛሬ አብረው ይጓዛሉ። እግዚአብሔር ከዋክብትን እንደሚቆጥር የሚናገረውን መዝሙር ስንት ጊዜ ደግሜ ይሆን? አንድም ቀን ግን ቀና ብዬ ልቆጥር አልሞከርሁም።

ጋሊሌዮን የቤተ ክርስቲያናችን ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1633 ፈረደበት። የዚያን ዘመን የነገረ መለኮት ሊቃውንት መሳሳታቸውን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1992 በግልጽ ተናገሩ፤ ከ359 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እኔ ያን ያህል ዕድሜ የለኝም። መምህራን ሆይ፣ «አላውቅም» ማለትን አንፍራ፤ የሚጠይቅ ልጅ ገና አልራቀንም።

ባለፈው ሳምንት መሣሪያውን ይዤ ወደ ወጣቱ ቤት ሄድሁ፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። እርሱም ብዙ ሳይናገር ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«አባ፣ ስንት ናቸው?» አለኝ።

«ሊቃውንቱ 1000 ያህል ይላሉ፤ እኔ ግን 60 ላይ ስደርስ ጠፋብኝ» አልሁት።