ዋጋው ሲወድቅ የወደቀው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1979 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ገበያ አንድ አውንስ ብር በስድስት ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። በነዳጅ የከበሩት የቴክሳሶቹ የሃንት ወንድማማቾች ያገኙትን ብር ሁሉ መሰብሰብ ሲይዙ ዋጋው ሽቅብ ተተኮሰ፤ በጃንዋሪ 1980 ሃምሳ ዶላር ገደማ ደረሰ። ሰዎች ከአያቶቻቸው የወረሱትን የብር ዶላር፣ ሹካና ማንኪያ ሳይቀር በከረጢት ይዘው ገዢ ፍለጋ ወጡ። ሞርጋን የሚባለው የድሮ የብር ዶላር 24 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለው። በዚያ ጃንዋሪ ብሩ ብቻ 38 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ማርች 27 ቀን 1980 ገበያው ሲናድ ያው ሳንቲም ወደ ስምንት ዶላር ወረደ።

በጃንዋሪ የሸጠው ተደሰተ፤ በማርች የደረሰው አዘነ። በእነዚያ አሥር ሳምንታት ግን በሳንቲሙ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ዓመተ ምሕረቱ፣ የተቀረጸበት ከተማ ምልክት፣ በላዩ ያለችው ሴት ምስል፣ በብዙ እጅ ሲያልፍ ያተረፈው ጭረት ሁሉም በቦታው ነበር። ገበያ ሲወድቅ ሳንቲም ሰብሳቢ ይያዝ ወይስ ይሽጥ የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በዋጋ ሰንጠረዥና በትንበያ ይካሄዳል። ከሰንጠረዡ በፊት ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ፦ ሰውዬው የያዘው ምንድን ነው? በእሱስ ምክንያት ለማን ምን ዕዳ አለበት?

አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው ድርሳኑ የመጀመሪያ መጽሐፍ የጫማን ምሳሌ ያነሳል። ጫማ ሁለት አገልግሎት አለው፤ ይደረጋል፣ በሌላ ዕቃም ይለወጣል። ሁለቱም የጫማው አገልግሎት ናቸው፤ ጫማው የተሰፋው ግን ሊደረግ ነው። ሳንቲም ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል። ከመነሻው የተቀረጸው ለመለዋወጫ ነውና። ሰብሳቢው መጥቶ ከዝውውር ያወጣዋል፤ የሚታይ፣ የሚመረመር፣ ስለ ዘመኑ የሚጠየቅ ዕቃ ያደርገዋል። ቀራጩ ያላሰበውን ዓላማ ሰብሳቢው ይሰጠዋል ማለት ነው። ዋጋ ሲወድቅ የሚጎዳው የቀድሞው፣ የመለዋወጫው አገልግሎት ነው። አዲሱን ዓላማ የገበያ ዜና አይነካውም።

ልዩነቱን መንግሥትም በሕግ የተቀበለበት ጊዜ አለ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ኤፕሪል 5 ቀን 1933 ባወጡት ትእዛዝ ቁጥር 6102 አሜሪካውያን የወርቅ ገንዘባቸውን ለባንክ እንዲያስረክቡ ሲገደዱ፣ ብርቅና ልዩ የሆኑ፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ልዩ ዋጋ ያላቸው የወርቅ ሳንቲሞች ከግዴታው ነጻ ተደረጉ። የወቅቱ የግምጃ ቤት ሚኒስትር ዊልያም ዉዲን ራሳቸው የታወቁ ሳንቲም ሰብሳቢ ነበሩ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በበረታበት ጊዜ፣ አገር ወርቅ በምትሻበት ሰዓት፣ ሕጉ አንድን ወርቅ ገንዘብ፣ ሌላውን ወርቅ ሰነድ ብሎ ለየው።

ችግሩ ብዙ ሰው ራሱን የሚጠራው ገበያውን እያየ መሆኑ ነው። ዋጋ ሲወጣ ነጋዴ፣ ሲወርድ የታሪክ ወዳጅ ይሆናል። የከሰረ ሰው «እኔ እኮ ስለምወደው ነው የያዝኩት» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሽንፈቱን መቀበል አቅቶትም ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ ዛሬ ሳንቲሙ ባይኖረው፣ በዛሬው ዋጋ ይገዛው ነበር?

በ1950 የዴንቨር ገንዘብ መቅረጫ ያወጣው የአምስት ሳንቲም ኒኬል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የተቀረጸው 2,630,030 ብቻ ስለነበር ሰዉ ገና ሲወጣ በጥቅሉ ገዝቶ አስቀመጠው። በ1964 የአርባ ፍሬ ጥቅል 1,200 ዶላር፣ አንዱ 30 ዶላር ማለት ነው፣ ይጠየቅበት ነበር። ከዚያ ወደቀ። ሁሉም ሰው ስላስቀመጠው በንጹሕ ይዞታ በብዛት ተረፈ፤ በብዛት የተረፈ ደግሞ ብርቅ አይደለም። የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ በዚያ ዓመት የገዛና እስከ ዛሬ የያዘ ሰው ኪሳራው ከባድ ነው። የያዘ ሁሉ ያተርፋል የሚለው የሰብሳቢዎች ማጽናኛ እውነት እንዳልሆነ ይህ ኒኬል ብቻውን ይመሰክራል።

በሌላ በኩል ለመያዝ የሚያጓጓው ምስክርነት የጆን ጄይ ፒትማን ነው። ፒትማን በሮቸስተር ከተማ የኮዳክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረ፣ በደመወዝ የሚኖር ሰው ነው። በ1952ቱ አብዮት ከዙፋኑ የተባረረውን የግብፁን ንጉሥ ፋሩቅን ስብስብ አዲሱ መንግሥት በ1954 ካይሮ ላይ ለጨረታ ሲያቀርብ፣ ፒትማን ቤቱን በድጋሚ አስይዞ ተበደረና ወደ ካይሮ ሄደ። ጨረታው የጥድፊያ ነበር። ብርቅ ሳንቲሞች ከተራዎቹ ጋር በጅምላ ተደባልቀው ቀረቡ፤ የሚያውቅ ሰው በርካሽ ገዛ። ፒትማን የ1964ን ግርግር፣ የ1980ን ንደት፣ የዎል ስትሪት ድርጅቶች ወደ ሳንቲም ንግድ ገብተው ከተንኮታኮተው የ1989–90 ገበያ በኋላ የመጣውን ቀዝቃዛ ዘመንም ስብስቡን ይዞ አለፈ። በ1996 አረፈ። ከ1997 እስከ 1999 በተካሄዱ ጨረታዎች ስብስቡ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ።

ታሪኩ የሚነገረው ለመያዝ ማስረጃ ተደርጎ ነው። ጠጋ ብሎ ሲታይ ግን ሌላ ነገርም ያሳያል። ፒትማን ያስያዘው የቤተሰቡን ጣሪያ ነበር። ሳይሳካለት ቢቀር ዛሬ ስሙን ማንም አያነሳም፤ ቤታቸውን ለሳንቲም አስይዘው ያጡ ሰዎች ታሪክ በጨረታ መጽሔት አይወጣምና። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ቀን በታወቀው ነገር ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ በመጣው ገንዘብ መመዘን ዕድልን ጥበብ ብሎ መጥራት ይሆናል። ፒትማንን ከሌላው የለየው ዕውቀቱ ነው። የገዛውን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ለዚህም ነው የገበያው ጩኸት ያላናወጠው። ዕውቀቱን ሳይዙ ጽናቱን ብቻ መኮረጅ ግን አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ የሃይማኖት ትምህርት በቀጥታ ይገባል። የማቴዎስ ወንጌል ብልና ዝገት በሚያጠፉት ስፍራ መዝገብ መሰብሰብን ይከለክላል፤ ያው ወንጌል አንዲቱን መክሊት ቆፍሮ የቀበረውን አገልጋይም ይወቅሳል። ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስሉት ነገሩ ስለ ዕቃው ከተወሰደ ነው። ጉዳዩ ግን ስለ ያዡ ልብ ነው፦ አገልጋዩ ለጌታው የሰጠው ምክንያት ፍርሃት ነበር። በውድቀት ጊዜ ደግሞ ፍርሃት ሁለት መልክ አለው። አንዱ ሰው ገና ይወርዳል ብሎ ፈርቶ ያለውን በማንኛውም ዋጋ ይጥላል፤ ሌላው ኪሳራውን ላለማየት ፈርቶ መሳቢያውን ቆልፎ ይቀመጣል። ሁለተኛው ታጋሽ ተብሎ ይመሰገናል፤ ሁልጊዜ ግን አይገባውም።

ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ቂሳርያን ረኃብ በመታት ጊዜ ባለጠጎችን ጎተራቸውን እንዲከፍቱ የለመነ፣ ለተራቡትም ምግብ ያዘጋጀ አባት ነው። ትምህርቱ ጥብቅ ነው፦ ባለቤቱ ሳይጠቀምበት የተቆለፈ ሀብት የተቸገረው ሰው ንብረት ነው። ይህ ለሰብሳቢ የሚመር ቃል ነው፤ ማለሳለስም አያስፈልገውም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት ሕክምና ሲመጣ ገበያው ወድቋልና ይመለስ ብሎ መጠበቅ ሳንቲሙን ከሰው ማስቀደም ነው። እንዲህ ያለ ሰው በግማሽ ዋጋም ቢሆን ሸጦ በሰላም ይደር።

ሻጩስ ለገዢው ምን ዕዳ አለበት? ሲሴሮ «ስለ ግዴታዎች» በተባለው ሥራው ሦስተኛ መጽሐፍ አንድ ነጋዴ ያቀርባል። ሮድስ ደሴት ተርባለች፤ ነጋዴው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል፤ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን ያውቃል። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ መደበቅ የለበትም ይላል። ከአሥራ ሦስት ክፍለ ዘመናት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ያነሳው ቶማስ አኩዊናስ ነጋዴው ባይናገር ፍትሕን አላጎደለም፣ ቢናገር ግን በጎነቱ የበዛ ይሆናል ብሎ ደመደመ። በሳንቲም ገበያ የሲሴሮ ፍርድ ይበልጣል። እህል የሚገዛ ሰው ቢያንስ እህሉን ያውቀዋል። ጀማሪ ሰብሳቢ ግን የሚገዛውን በሻጩ ዕውቀት ነው የሚገዛው። ጨረታዎች መቀዝቀዛቸውን የሚያውቅ አሮጌ ሰብሳቢ ባለፈው ዓመት መዝገብ ላይ ያለውን ዋጋ ለአንድ ወጣት አሳይቶ ቢሸጥለት፣ ያደረገው የራሱን ኪሳራ ወደማያውቅ ሰው ኪስ ማሸጋገር ነው። በወደቀ ገበያ መሸጥ ነውር የለበትም፤ መውደቁን ደብቆ መሸጥ ግን ነውር ነው።

ዕዳው ለዕቃው ለራሱም ይዘልቃል። ይህን ኢትዮጵያውያን በቅርብ የምናውቀው ነው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ አስቀርጸዋል። በንጉሥ ኢዛና የመጀመሪያ ሳንቲሞች ላይ ክብና ጨረቃ ይታያሉ፤ በኋለኞቹ ላይ በቦታቸው መስቀል ገብቷል። የአንድ አገር የእምነት ለውጥ በጣት ጫፍ በሚያዝ ብረት ላይ ተጽፎ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ለአክሱም ሳንቲም የመያዝና የመሸጥ ጥያቄ ለያዘው ሰው ብቻ አይተውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ ያዛል። ከየት እንደተቆፈረ ሳይታወቅ የተሸጠ ሳንቲም ብረቱ ቢተርፍም ከምስክርነቱ ብዙውን ያጣል። ጠገራ ብር በሚባለው የማርያ ቴሬዛ ሳንቲምም የደረሰው ይኸው ነው። ዘመን ሲለወጥ ብዙው ማርያ ቴሬዛ ወደ አንጥረኛ ሄዶ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆነ። ጌጡ ያማረ ነው፤ ሆኖም በ1980 ለብራቸው ሲባል እንደቀለጡት የአሜሪካ ዶላሮች፣ የቀለጠው ሁሉ ተመልሶ አይነበብም።

የሴንት ሉዊሱ የሕግ ባለሙያ ኤሪክ ኒውማን ይህን ዕዳ በጤናማ መንገድ ከከፈሉት አንዱ ነው። በ1911 ተወለደ፤ በድቀቱ ዘመን ወጣት ሳለ ከአንድ ነጋዴ ጋር ሆኖ በ1936 ከሞተው ሰብሳቢ ከኮሎኔል ግሪን ውርስ ብዙ ብርቅዬዎችን ገዛ፤ ከእነርሱም መካከል በዓለም ላይ ያሉት አምስቱ የ1913 የነፃነት ኒኬሎች ነበሩ። አጥንቶ ጻፈ፣ ሙዚየም አቋቋመ፣ ከመቶ ዓመቱ በኋላም፣ ከ2013 ጀምሮ፣ ስብስቡን በጨረታ ሸጠ። ገቢው ለግል ቅንጦት አልዋለም፤ ለሳንቲም ጥናት ትምህርት ማኅበሩ ገባ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው፣ በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት የሳንቲም መጻሕፍትንና የጨረታ መዝገቦችን ለማንም በነጻ ያስነብባል።

በወደቀ ገበያ መካከል ለመያዝ የወሰነ ሰው ታዲያ የሚጠብቀው ሥራ አለ። እያንዳንዱ ሳንቲም ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደተገዛ፣ ለምንስ እንደተያዘ መመዝገብ፤ የትኛው ለቤተሰብ ችግር መጀመሪያ እንደሚሸጥ፣ የትኛው ለሙዚየም እንደሚሰጥ ለልጆች መንገር፤ የታመነ ባለሙያ ስም አብሮ ማስቀመጥ። ይህ ካልተደረገ ሰብሳቢው ራሱ ያልወሰነውን ውሳኔ አንድ ቀን ወራሾች፣ ገበያው በምንም ሁኔታ ላይ ቢሆን፣ ሳንቲሙን ከከረጢት እየዘረገፉ በሚዛን ሊወስኑት ነው።