ሥራ ስለ በዛበት ሰው ዕረፍት

በከተማ የሚኖር ሰው ወዳጁን በመንገድ አግኝቶ ደኅንነቱን ቢጠይቀው፥ ቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን ይል የነበረው አፍ ዛሬ ሥራ በዛብኝ ማለት ይቀድመዋል። ይህንም ሲናገር ከማዘኑ ይልቅ መኵራቱ ይበልጣል፤ ሥራ የበዛበት ሰው የሚፈለግ ሰው፥ የሚፈለግም ሰው የከበረ ሰው ይመስለዋልና። ዳሩ ግን ክርስቲያን ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። ይህ ሁሉ ጥድፊያ እግዚአብሔር ካዘዘው ሥራ የመጣ ነውን? ወይስ እኔ ከሌለሁ ነገሩ ሁሉ ይቆማል ከሚል አሳብ?

ሰነፍን ለማጽደቅ ይህን የምንጽፍ አይምሰላችሁ። የዕረፍትን ቀን ያዘዘው ሕግ ስድስቱን ቀን ለሥራ የሰጠ ያው ሕግ ነው። የከተማ ሰው ግን፥ አስቀድሜ ሥራዬን ልጨርስ፥ ከዚያ በኋላ አርፋለሁ ይላል። ሥራውም አያልቅም።

በማርቆስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ ይህን ነገር የሚገልጥ ታሪክ አለ። ደቀ መዛሙርት ከተላኩበት ተመልሰው የሠሩትን ሁሉ ለጌታ ነገሩት። የሚመጣውና የሚሄደው ሕዝብ ብዙ ስለ ነበረ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አላገኙም። ሥራቸውም ክፉ አልነበረም፤ ንስሐን ሰብከዋል፥ ድውያንን ፈውሰዋል። በገሊላ የነበረው ድውይ ሁሉ በዚያ ቀን ድኖ አልቆ ነበርን? አላለቀም። ጌታ ግን ሥራው ሳያልቅ፥ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው። ሕዝቡም በእግር ሮጦ ቀደማቸው። ጌታም አዘነላቸው እንጂ አላባረራቸውም፤ አስተማራቸው፥ አበላቸውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማንበቡን ያቆምና፥ እነሆ ጌታም ዕረፍቱን ትቶአል ይላል። ጥቂት ወረድ ብሎ ቢያነብ ግን፥ ደቀ መዛሙርቱን በታንኳ ሰድዶ ሕዝቡንም አሰናብቶ ለጸሎት ወደ ተራራ እንደ ወጣ ባገኘ ነበር። የሰው ችግር ዕረፍትን ለአንድ ማታ ያዘገየዋል፤ ፈጽሞ ግን አይሽረውም።

ወንድሜ ሆይ፥ ለማረፍ በተቀመጥህ ጊዜ ሰነፍ ነህ ብሎ የሚገሥጽህ አሳብ ቢመጣብህ፥ ከወዴት እንደ መጣ መርምር። ሙሴ ሕዝቡ ወደ ምድረ በዳ ወጥተው ለእግዚአብሔር በዓል እንዲያደርጉ በጠየቀ ጊዜ፥ ፈርዖን ይህ የሥራ ፈቶች ልመና ነው ብሎ ጭዱን ከለከላቸው፤ የጡቡን ቍጥር ግን አላጐደለላቸውም። ስለዚህ በኦሪት ዘጸአት የሰንበት ምክንያት የዓለም መፈጠር ሆኖ ሳለ፥ በኦሪት ዘዳግም በ5ኛው ምዕራፍ ሌላ ምክንያት ተጨመረ፤ ይኸውም እስራኤል በግብፅ ባሮች እንደ ነበሩ እንዲያስቡ ነው። በዚያም ስፍራ ወንዱም ሴቲቱም አገልጋይ ልክ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ታዝዞአል።

በአገራችን ከአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች የተነሣ ስለ ቀዳሚት ሰንበት ብዙ ክርክር ሆኖ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1450 ዓ.ም. በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተወሰነ። ያን ክርክር እዚህ አናነሣውም። ነገር ግን እነዚያ አባቶች የተከራከሩት አንድ ቀን ይከበር ወይስ ሁለት በማለት ነበረ፤ እኛ ግን አንዱንም አጥተነዋል።

ዕረፍት ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ጐዶሎ ነው። በሶቪየት አገር በ1929 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የፋብሪካው መኪና ከቶ እንዳይቆም ተብሎ ሠራተኞች በአምስት ክፍል ተከፈሉ፤ ለየክፍሉም የየራሱ የዕረፍት ቀን ተሰጠው። ባል ሲያርፍ ሚስት በሥራ ላይ የምትሆንበት ቤት ብዙ ነበረ። እንዲህ ያለው ሥርዓት አልጸናም፤ በ1940 ሰባት ቀን ያለው ሳምንት ተመለሰ፥ እሑድም የሁሉ ዕረፍት ሆነ።

በሩቅ አገር ሰው ብቻ ግን አልፈርድም፤ የራሴም ነውር አለ። ለብዙ ዓመት እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ከእንግዶች ጋር በማዕድ ተቀምጬ አርፍ ነበር። ያን ዕረፍት የሚያበስልልኝ ግን ሌላ ሰው ነበረ። በቤታችን የምታገለግል አንዲት ልጅ፥ ጋሼ፥ እሑድ እኔም ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ብላ በለመነችኝ ጊዜ፥ ታዲያ የእንግዶቹን ወጥ ማን ይሠራል? አልኋት። እርስዋም ዝም ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። በዚያ ሳምንት ኦሪትን ሳነብ የጡቡ ነገር ዘንድ ደረስሁ፤ መጽሐፉንም ዘጋሁት።

አሁን ወጡ ቅዳሜ ማታ ይሠራል። እሑድ ልጅቱ ማለዳ ወጥታ ሲመሽ ትመለሳለች፤ ወጡን እኛ እናሞቃለን፥ ሳሕኑንም እኔ አጥባለሁ። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ አጕረመረሙ፤ አንዱም መምጣት ተወ። በኪስ የምይዘውንም ስልክ ቅዳሜ ማታ በሣጥን እቈልፍበታለሁ። በመጀመሪያው እሑድ ሦስት ጊዜ ሲጮኽ ሰማሁት፤ እጄም ወደ ቍልፉ ሄዶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ወደ ፈለጉኝ ሰዎች ብደውል፥ ነገሩ ያለ እኔ አልቆ ቈየኝ።