ምሕረትንና ፍትሕን ለለያየን ለእኛ

መጻሕፍትን ተቀብለን የመጻሕፍትን ሚዛን የጣልን ወገኖች ሆይ፣ የእግዚአብሔርን ምሕረት በከንፈራችን እያመሰገንን ፍርዱን ከደጃችን ያሳደድን፣ ይቅርታን ለበዳይ መሸሸጊያ፣ ፍትሕንም ለቂም መጎናጸፊያ ያደረግን እኛ፣ እስከ መቼ በዚህ መንገድ እንሄዳለን? እግዚአብሔር በሲና ተራራ በሙሴ ፊት ባለፈ ጊዜ ስለ ራሱ የሰጠው ምስክርነት አንድ ነው፤ ርኅሩኅና ታጋሽ፣ በደልንና መተላለፍን የሚተው መሆኑን በገለጠበት በዚያው ቃል፣ በደለኛውን እንደ ንጹሕ ቈጥሮ እንደማያልፍም አስታወቀ። እኛ ግን ያን አንድ ምስክርነት ከመካከሉ ሰነጠቅነው፤ የበደልን ዕለት ምሕረቱን፣ የተበደልን ዕለት ፍርዱን እየጠራን፣ የአምላክን ስም ለየጉዳያችን ጠበቃ አድርገን አቆምነው። ተምረን የረሳነው፣ ሰምተን የናቅነው፣ አውቀን የሸሸነው ነገር ነውና ይህ ዐመፅ እንጂ አለማወቅ ሊባል አይችልም።

ከንቱ መጽናኛም አበጅተናል። ኦሪት የፍርድ፣ ወንጌል የምሕረት መጽሐፍ ናት እያልን፣ ፍርድ የጠየቀንን ሰው ‹‹አንተ ገና ከኦሪት አልወጣህም›› ብለን እናሳፍረዋለን። ሁለቱን ኪዳናት ለሁለት አማልክት ያከፋፈለውን መርቅያንን አባቶች በ2ኛው መቶ ዓመት አውግዘው የለዩት ለምን ይመስለናል? ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ የታዘዘው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ነው፤ በዚያም ወንድምን በልብ መጥላትን የሚከለክል፣ ባልንጀራን መገሠጽን የሚያዝዝ፣ ቂምንና በቀልንም የሚያርቅ ሕግ ከጎኑ ቆሟል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጌታ የበደለንን ወንድም እንድንገሥጸው፣ ቢጸጸትም በቀን ሰባት ጊዜ እንኳ ይቅር እንድንለው ሲያዝዝ፣ ተግሣጹን ከይቅርታው አላስቀደመምን? ዐይን ስለ ዐይን የሚለውን ሕግ የጭካኔ ምልክት አድርገን በአይሁድ ላይ ስንፈርድ፣ መምህራኖቻቸው በ3ኛው መቶ ዓመት መባቻ በተጠናቀረው ሚሽና የሰውን አካል የጎዳ ሰው አምስት ዕዳ እንዲከፍል መወሰናቸውን ልናውቅ አልወደድንም፤ ለጉዳቱ፣ ለሕመሙ፣ ለመታከሚያው፣ ሥራ ለፈታበት ጊዜ፣ ለደረሰበትም ውርደት። የሰው ስብራት እስከ ኀፍረቱ ድረስ የሚቈጠርበት ሕግ ጨካኝ ከተባለ፣ ስብራቱን ሳይጠይቅ ‹‹እርሳው›› የሚለው የእኛ ደግነት ምን ሊባል ነው?

በንጉሥ ዳዊት ቤት የሆነውን እናስብ። ሳሙኤል ካልዕ ከምዕራፍ 13 ጀምሮ እንደሚተርከው፣ አምኖን እኅቱን ትዕማርን በተንኰል ወደ እልፍኙ አስጠርቶ፣ እየለመነችው፣ የሚደርስባትን ነውር እየነገረችው፣ በኃይል አስነወራት፤ ከዚያም አስወጥቶ በሩን ዘጋባት። እርስዋ በራስዋ ላይ ዐመድ ነስንሳ፣ ልብስዋን ቀዳ፣ እየጮኸች ሄደች። ወንድምዋ አቤሴሎም፣ በዳዩ ወንድምዋ ነውና፣ ዝም እንድትል ነገራት። ንጉሡ አባትዋ ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ ቍጣውን ግን ፍርድ አልተከተለውም። ነቢዩ ናታን የድሀውን አንዲት በግ ስለ ነጠቀው ባለጸጋ በነገረው ጊዜ አራት እጥፍ እንዲከፈል የበየነ ያ ንጉሥ፣ የበጊቱን ዋጋ ያወቀ ያ ዳኛ፣ የልጁን እንባ ዋጋ ሳይጠይቅ ቀረ። ሁለት ዓመት ዝም ተባለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም በበግ ሸላቾች ግብዣ ላይ አምኖንን አስገደለ። ሸሽቶ በጌሹር ሦስት ዓመት ተቀመጠ፤ የጦር አለቃው ኢዮአብ ከቴቁሔ ብልህ ሴት አስመጥቶ የንጉሡን ልብ አለሰለሰ፤ ልጁም ተመልሶ የአባቱን ፊት ሳያይ ሁለት ዓመት በኢየሩሳሌም ኖረ፤ በመጨረሻም ንጉሡ ሳመው። በዚያ ሁሉ ማግባባት መካከል የትዕማርን በደል ያነሣ፣ የአምኖንን ደም የተናዘዘ፣ ‹‹እኔ አባት ሆኜ ዝም ብያለሁ›› ያለ አልተገኘም።

ያ መሳም ምን አፈራ? አቤሴሎም በማለዳ በከተማዪቱ በር እየቆመ፣ ለሙግት የመጣውን ሁሉ ከንጉሡ ዘንድ ሰሚ እንደሌለው እየነገረ፣ እርሱ ዳኛ ቢሆን እንደሚፈርድለት እያማለለ፣ የእስራኤልን ልብ ሰረቀ። ንጉሡ ያጐደለው ፍርድ ለዐመፀኛው ልጅ ስብከት ሆነው። ዐመፁም ጦርነት ሆኖ በኤፍሬም ዱር በአንድ ቀን 20,000 ሰው ወደቀ፤ አቤሴሎምም ሞተ፤ አባትም በበሩ ሰገነት ላይ የልጁን ስም እየጠራ አለቀሰ። በአንዲት ልጅ ላይ የተፈጸመው ግፍ ሳይፈረድበት ስለ ታለፈ፣ ዋጋውን ቤቱ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ሁሉ ከፈለ።

እኛስ ከዚህ ምን ተማርን? በቤታችን የተደፈረችውን ልጅ ‹‹ገበናችን አይውጣ›› ብለን አፏን እንይዛለን። ኦሪት የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ማዘዟን፣ ሐዋርያው ያዕቆብም የተቀማ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ማስጠንቀቁን እየሰማን፣ ደመወዟን የተከለከለችውን የቤት ሠራተኛ ‹‹ለፈጣሪ ተዪው›› ብለን ባዶ እጇን እንሸኛታለን። ድንበሩ የተገፋበትን ገበሬ፣ ርስቱን በሐሰት ምስክር የተነጠቀውን ወንድም፣ ልጅዋ የተገደለባትን እናት ሽማግሌ አስቀምጠን፣ ‹‹ይቅር ለእግዚአብሔር›› እስኪሉ ድረስ እናስጨንቃቸዋለን፤ በዳዩ አጥፍቻለሁ ሳይል፣ የወሰደውን ሳይመልስ፣ ካሳ ሳይቈረጥበት፣ ምርቃቱ ይወርዳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ እርቅ ሆነ ተብሎ ይወራል። በደንበኛው ሽምግልና በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ይወድቅ፣ ጥፋቱን በሰው ፊት ያምን፣ የተቈረጠበትን ካሳ ይከፍል፣ ዋስም ይጠራ ነበር፤ እኛ ምርቃቱን ይዘን እውነቱን ጣልን። መግል በቋጠረ ቍስል ላይ ነጭ ጨርቅ እየጠመጠምን በሽተኛው ዳነ እንላለን፤ ነቢዩ ኤርምያስ ሰላም በሌለበት ሰላምን ያወጁትን የወቀሰበት ወቀሳ በእኛም ላይ ይቆማል።

ይህን ትምህርት አልሰማንም ማለት አንችልም። ቤተ ክርስቲያን ከዐቢይ ጾም አስቀድማ ሦስት ቀን የነነዌን ጾም ትጾማለች፤ አይሁድም፣ ቤተ እስራኤል አስተስርዮ ብለው በሚጠሩት በማስተስረያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በምኵራባቸው ያንኑ የነነዌን ታሪክ የያዘውን የነቢዩ ዮናስን መጽሐፍ ያነባሉ። የነነዌ ንጉሥ ማቅ ለብሶ በዐመድ ላይ ሲቀመጥ፣ እያንዳንዱ ሰው በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ ጭምር ዐወጀ። የሚሽና መምህራን በጾም ቀን ለሕዝቡ የሚያስገነዝቡት ነገር ይህ ነበር፤ እግዚአብሔር አየ የተባለው የነነዌን ሰዎች ማቅና ጾም ሳይሆን ሥራቸውን ነው። ሚሽናን በሚያብራራው በታልሙድም ከመምህራኑ አንዱ፣ በነነዌ የተሰረቀ ግንድ በግንቡ ውስጥ የገጠመ ሰው ግንቡን ሁሉ አፍርሶ ግንዱን ለባለቤቱ እንደ መለሰ አስተማረ። እኛ ግን ግንዱንም ግንቡንም ይዘን እንጾማለን፤ የነጠቅነው ሰው ከደጅ ቆሞ ሳለ፣ ስማችን የተጻፈበትን መጋረጃና ጃንጥላ ለመቅደስ እንሰጣለን፤ ለንስሐ አባታችን የነገርነውን በደል ለበደልነው ሰው ለመናገር እናፍራለን። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 የበደለ ሰው እንዲናዘዝ፣ የወሰደውንም ከነአምስተኛው እጅ ጭማሪ እንዲመልስ አዝዟል፤ ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን በግፍ ለነጠቀው ሁሉ አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ፤ መዳን ለዚያ ቤት የተነገረውም ከዚህ ቃል በኋላ ነው። ሚሽና በሰውና በባልንጀራው መካከል ያለው በደል ባልንጀራው ካልተለመነ በማስተስረያ ቀን እንኳ እንደማይሰረይ ያስተምራል፤ ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ወንድሙ የሚያዝንበት ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል። በዚህ ነገር ምኵራቡና ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ምስክር ሆነው ቆመውብናል፤ እኛ ግን ከሁለቱም ሸሸን።

ፍትሕን እንሻለን የምንለውም ብንሆን ንጹሓን አይደለንም። ዮናስ ከነነዌ በስተ ምሥራቅ ተቀምጦ የከተማዪቱን ጥፋት እንደ ጠበቀ፣ እኛም የበዳያችን ንስሐ ከሚያስደስተን ውድቀቱ ያስደስተናል። ልጅ የአባቱን ኀጢአት እንዳይሸከም ሕዝቅኤል እየመሰከረ፣ የአንዱን ገዳይ በደል በወገኑ ሁሉ ላይ እንጽፋለን፤ አያት የሠራውን ከልጅ ልጅ እናስከፍላለን፤ ይህንም ፍትሕ ብለን እንጠራዋለን። ሚሽና ለበደለኛው ካሳውን ከፍሎ ይቅርታ እንዲለምን ባዘዘበት ስፍራ፣ ተበዳዩም ሲለመን እንዳይጨክን አዝዟል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እልፍ መክሊት የተተወለት አገልጋይ ስለ መቶ ዲናር ባልንጀራውን አንቆ በያዘ ጊዜ ወደ ሥቃይ ተሰጠ። በዚያ ምሳሌ ንጉሡ አስቀድሞ ሒሳቡን እንደ ተቈጣጠረ፣ ዕዳው ተቈጥሮና ታምኖ እንደ ተተወ ልብ ያላልን ብዙ ነን፤ የተቈጠረውን ዕዳ መተው ታላቅነት፣ እንዳልነበረ አድርጎ መካድ ግን ሐሰት ነው። ዮሴፍም ይሁዳን፣ እርሱን ለመሸጥ የመከረውን ያን ወንድሙን፣ በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን ሲል እስኪሰማው ድረስ ራሱን አልገለጠም፤ በገለጠም ጊዜ እንደ ሸጡት ሳይሸሽግ እየተናገረ አለቀሰላቸው፣ መገባቸውም።

እንግዲህ እንመለስ። የወሰድን እንመልስ፤ መመለስ የማንችለውን በበደልነው ሰው ፊት አምነን እንውደቅ። በሽምግልና የምንቀመጥ አስቀድመን የተጎዳውን እንስማ፤ ይቅርታን ከአፉ ነጥቀን ለጉልበተኛው አናስረክብ። በእውነት የተለመንን ልባችንን አናጽና፤ የእኛም ዕዳ ገና አልተከፈለምና። ጌታ ከአዝሙድና ከእንስላል ዐሥራት የሚያወጡትን የወቀሰው ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በአንድነት በመተዋቸው ነው፤ እርሱ በአንድነት የጠራቸውን እኛ ልንለያቸው ሥልጣን የለንም። የጾምነው ጾም፣ የሰጠነው መባ፣ አወረድነው ያልነው እርቅ ሁሉ በሁለት ጥያቄ ይመዘናል፤ የተበደለው ሰው የተወሰደበትን አግኝቷልን? የበደለው ሰውስ ተናዝዞ የሚገባበት በር ተከፍቶለታልን? ለሁለቱም አዎን ማለት እስክንችል ድረስ ታርቀናል አንበል።