ከመስጠትሽ በፊት እጠቢው

ልጄ፣ ነሐሴ ሳያልቅ ቤትሽን ገልብጠሽ ማጽዳት መጀመርሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከቁም ሣጥኑና ከአልጋው ሥር የወጣውን ክምር በማዳበሪያ ጠቅጥቀሽ «ለድሃ እሰጠዋለሁ» ማለትሽንም ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆይ ልበልሽ። ቤት ማጽዳት ሌላ ነው፣ ለሰው መስጠት ሌላ። ሁለቱን ስናምታታ የቤታችንን ጉድፍ በምጽዋት ስም ሰው ደጅ እንደፋለን፤ ምስጋናም እንጠብቃለን።

ለሰው የሚሄድ ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ የወለቀ ቁልፉ ተተክሎ ነው የሚሄደው። ጫማን ግራና ቀኙን በክሩ አያይዢው፤ አንድ እግር ጫማ ብቻውን ለማንም አይሆንም። ብርድ ልብሱንና ፍራሹን ፀሐይ ብልጭ ስትል አውጪው፤ የነሐሴ ፀሐይ ስለማትታመን ለሠራተኛዋ ሳትተዪው ራስሽ ተከታተዪው። ከነትኋኑ የተሰጠ ፍራሽ ችግር ማስተላለፍ ነው። ኪስም ፈትሺ። በእኛ አገር የቤት ካርታና የልደት የምስክር ወረቀት አሮጌ ኮት ኪስ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አይጠፋም። ስልክ ከሆነ ሲሙን አውጪ፣ ፎቶውንና መልእክቱን በሙሉ አጥፊ።

የውጭ አገር ሰዎች ለእርዳታ የሰጡት ልብስ በቦንዳ ታስሮ ብዙ አገር እንደሚሸጥ ታውቂያለሽ። እኛም ሰልባጅ ስንገዛ ቦንዳው ሲፈታ ከመካከሉ የተቀደደውና የቆሸሸው ሲወጣ አይተናል። ተቀባይ መሆን ምን እንደሚመስል የምናውቅ ሰዎች ስንሰጥ ያንኑ ብንደግም ያሳፍራል።

ከመጫንሽ በፊት ደግሞ ጠይቂ። መናገሻ ያለው ቼሻየር የተባለው ድርጅት ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን ሲደግፍ የኖረ ነው። አባትሽ ከታመሙበት ጊዜ የተረፈው ክራንችና ዊልቸር በረንዳ ላይ ዝናብ ከሚመታው እዚያ ደውለሽ «ይጠቅማችኋል ወይ?» በዪ። ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሥዕል መጽሐፍ ጭነሽ ብትሄጂ ትርፉ ድካም ነው፤ የሚሠራ ድምፅ መቅረጫ ግን ለማያይ ተማሪ እንደ ደብተር ያገለግለዋል። ቡራዩ ገፈርሳ ያለው የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ የአዋቂ ልብስ እንጂ የልጅ ቀሚስ ምን ያደርግለታል? መቄዶንያም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሲሰበስብ ኖሯል፤ እዚያም ቢሆን አስቀድሞ መደወል ይበጃል። ያልጠየቀውን ዕቃ የሚቀበል ድርጅት መጋዘን ይሞላበታል፣ ለመጣያውም ገንዘብ ያወጣል።

ለትምህርት የሚሆነውን ከመስከረም በፊት አድርሺው። ቦርሳና የደንብ ልብስ በጥቅምት ቢደርስ የተማሪው እናት ተበድራ ገዝታለች። የመማሪያ መጽሐፍ ከሆነ ዓመቱን እዪ፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ስለተቀየረ የቀድሞው ለክፍል አይሆንም። ብርድ ልብስ ደግሞ ቶሎ ይሂድ። ለምሳሌ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆነ የኅዳር ውርጩ አይጣል ነው።

እኔን ብትጠይቂኝ ግን ከድርጅት ሁሉ ዕድርን አስቀድማለሁ። ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንደፈታ የዕድሩ ጸሐፊ ያውቃል። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ቤታቸው ፈርሶ አንዲት ክፍል ተከራይተው የገቡ ሰዎች ነበሩ፤ እንዲህ ላለ ሰው ድስት፣ ምጣድና የሚሠራ ምድጃ ከአሮጌ ሱፍ በብዙ ይበልጥበታል። በዕድር በኩል ሲሄድ ሰጪው ማን እንደሆነ አይወራም፣ ተቀባዩም አይሸማቀቅም። ስትሰጪ ስልክ አውጥተሽ ቪዲዮ አትቅረጪ፤ ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣችሁት አላውቅም። ለሠራተኛሽ ብትሰጫት ደስ ይለኛል፣ ግን በደመወዟ ላይ ጨምረሽ እንጂ በደመወዟ ፋንታ አይሁን።

ለሰው የማይሆነው ሁሉ ቆሻሻ ነው ማለትም አይደለም። ቆራሌው ብረቱን፣ ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን ይገዛል፣ ልዋጭ የሚሉትም ያረጀውን ወስደው ሳፋ ይሰጡሻል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሰሽ ከቆርቆሮ ምድጃ፣ ከጎማ በርባሶ ሲወጣ ብታዪ አንቺ የናቅሽው ስንቱን እንደሚያበላ ይገባሻል። ስለዚህ ቆራሌውን በሳንቲም አትከራከሪው። የተበላሸ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ለጠጋኝ ስጪ፤ ልጆች እንዲሰባብሩት ሜዳ ላይ አይጣል፣ መዳቡ ይውጣ ተብሎም ገመዱ አይቃጠል፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ሦስት ነገር ግን ለማንም አትስጪ። የተረፈ መድኃኒት ቀኑ ባያልፍም አይሰጥም፤ ለአንቺ የታዘዘው ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ የተጠቀመበት መርፌም እንዲሁ። ሦስተኛው ቀለም ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጄሪካን ነው፤ አጥበሽ ብትሰጪውም ውሃ መቅጃ መሆኑ ስለማይቀር ቀድመሽ ብሺው። ወደ ወንዝም አይጣል፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ የተወሰነው ከገፈርሳ ግድብ የሚሄድ ነው።

በመጨረሻ የሚጣለውም ቢሆን የሚነካው ሰው አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የተባለው የአዲስ አበባ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት፣ ብዙዎቹ እዚያው አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ናቸው፤ ከክምሩ እየለቀሙ የሚተዳደሩም ነበሩባቸው። የተሰበረ ብርጭቆና ምላጭ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹም ንገሪያቸው።

እንግዲህ ማዳበሪያውን ፍቺና በሦስት ለዪው፤ ለሰው የሚሆን፣ ለቆራሌው፣ የሚጣል። የመጀመሪያውን እጠቢና ለዕድሩ ጸሐፊ ደውዪ። መኪና ካስፈለገሽ ወንድሞችሽን ቅዳሜ እልክልሻለሁ።