ኢቃማችን ይታደሳል፤ እኛስ?

  

ባለፈው ጊዜ በኅብረታችን ስለ መታደስ ስንጫወት አንዲት እህታችን "እኔ የማውቀው መታደስ የኢቃማውን ብቻ ነው" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ተነሳሁ።

እህታችን እውነቷን ነው። ኢቃማ በየዓመቱ ይታደሳል። ፎቶ እንነሳለን፣ ለምርመራ ደም እንሰጣለን፣ ወረቀቱ ሲመጣ ማዳም ትይዘዋለች፣ በቃ ሌላ ዓመት ተጀመረ። ወረቀቱ አዲስ ነው፤ ባለወረቀቷ ግን ያችው ናት። ያው ወጥ ቤት፣ ያው ባልኮን፣ ያው መስኮት። ጠዋት የወለወልነው ማታ ይቆሽሻል። ልብስ ተኩሰን ሳንጨርስ ሌላ ክምር ይመጣል። ታዲያ እንዲህ የሚኖር ሰው "እኔ በክርስቶስ አዲስ ነኝ" ሲል ምን ማለቱ ነው? ራሱን እያታለለ ይሆን? ይህን መጠየቅ ኃጢአት አይመስለኝም፤ እኔ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ።

እስቲ የሆነውን ልንገራችሁ። ቤይሩት በመጣሁ በአራተኛው ዓመት ነው። ከኛ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ አንዲት አዲስ ልጅ መጣች። አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ስታሰጣ አየችኝና ሐበሻ መሆኔን ስታውቅ ከደስታዋ ብዛት የያዘችው ልብስ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። "እህቴ፣ እንኳን አደረሰሽ!" አለችኝ። "ለምኑ?" አልኳት። "እንዴ! ዛሬ መስከረም አንድ አይደል?"

እኔ እኮ ረስቼዋለሁ። ጳጉሜ መግባቷንም መውጣቷንም አላወቅኩም። በልጅነቴ አደይ አበባ ለመልቀም ከሌሊቱ ጀምሮ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ፣ እንቁጣጣሽን ከሰው ሰማሁት። ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገችና "ሆዴ ባባብኝ፤ አንቺ እንዴት ቻልሽው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? "ትለምጂዋለሽ" አልኳትና በሩን ዘግቼ ገባሁ።

የመከርኳት መስሎኝ ነበር። ማታ ስተኛ ግን ያች ቃል ተመልሳ መጣችብኝ። ለካ እኔም እዚህ አገር በገባሁ ዕለት የሰማሁት ይህንኑ ቃል ነው። ያኔ እንደ ድንጋይ ነበር የከበደኝ። አሁን ድንጋዩን ተቀብዬ ለሌላ ሰው አቀበልኩት። መልመድ ምን እንደሆነ ያን ሌሊት ገባኝ። ሰው ሲለምድ የራሱ ሕመም ይቀልለዋል፤ የሌላው ሕመም ግን ጭራሽ አይሰማውም። እርጅና ፀጉር መሸበት ብቻ አይደለም እህቶቼ፤ እኔ በሃያ አራት ዓመቴ አርጅቼ ነበር።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩና ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 ላይ የመናውን ታሪክ አነበብኩ። ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ያን ቀን ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ። እስራኤላውያን መና ሲበሉ ምድረ በዳው ወደ ለምለም መስክ አልተለወጠላቸውም። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያው በረሃ ነው የዞሩት። አዲሱ ነገር ጠዋት ጠዋት መሬቱ ላይ የሚያገኙት ምግብ ነበር፤ እሱም የዕለቱን ያህል ብቻ። ለነገ ብሎ ያሳደረ ሰው ሲነጋ ተልቶና ሸትቶ አገኘው።

የኔም እምነት እንደዚያ ሆኖ ነበር። አገር ቤት ሳለሁ የጸለይኩትን ጸሎት፣ የዘመርኩትን መዝሙር፣ ያኔ የነበረኝን ደስታ አስቀምጬ፣ ከዚያ እየቆረስኩ ነበር የምኖረው። አራት ዓመት ያደረ እንጀራ ምን ይሆናል? መታደስ የሚከማች ነገር አይደለም። የዛሬው ለዛሬ ነው። ደግሞ መናው ይወርዳል እንጂ ሰው አፍ ውስጥ አይገባም፤ ወጥቶ ጎንበስ ብሎ መልቀም ያስፈልጋል። ጎንበስ ማለት እንደሆነ ከኛ በላይ የሚያውቅበት የለም።

በማግስቱ የኔ ድርሻ ምን እንደሆነ አላጣሁትም። ባልኮን ወጥቼ ልጅቷን ጠበቅኳት። ስትወጣ "የትናንቱን ይቅር በይኝ። ስምሽ ማን ነው?" አልኳት። ስሟን ነገረችኝና አለቀሰች። ለካ ቤቱ ውስጥ ስሟ ይከብደናል ብለው ሌላ ስም አውጥተውላታል፤ ከመጣች ጀምሮ በራሷ ስም የጠራት ሰው አልነበረም። ያን ቀን የወለወልኩት ወለል ያው የድሮው ወለል ነው። ማዳምም ያችው ማዳም ናት። ነገር ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ የምጠብቀው ነገር ነበረኝ፤ ነገ ጠዋት ልጅቷን በስሟ እጠራታለሁ።

አንዳንዶቻችሁ "ታዲያ ይህ ሁሉ፣ ልብሽን አድሰሽ ዝም ብለሽ ተገዢ ለማለት ነው?" ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የቤት ሠራተኛን ውጭ አስቀርቷል፤ እስከ ዛሬም አልገባንበትም። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. የሳምንት እረፍት ያለበት አዲስ ኮንትራት ወጣ ሲባል ተደስተን ነበር፤ በወሩ በፍርድ ታገደ። ወረቀት ያመጣውን አዲስ ነገር ወረቀት መልሶ ወሰደው። ይህን እያወቅሁ "መታደስ በልብ ነውና ሌላው ይቅር" ብላችሁ ዋሽቻችኋለሁ።

ግን የመናውን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በስድስተኛው ቀን እጥፍ ለቀሙ፤ በሰባተኛው ቀን ዐረፉ። እነዚህ ሰዎች ገና ከግብፅ ባርነት የወጡ ናቸው፤ እረፍት የሚባል ነገር የሚያውቁ አይመስለኝም። እግዚአብሔር እንጀራውን ሲሰጣቸው የእረፍት ቀኑንም አብሮ ሰጣቸው። ስለዚህ እሁድን መጠየቅ የእምነት ማነስ አይደለም። እኔም በዚያ ሰሞን የሦስት ወር ደመወዜ አልተከፈለኝም ነበር። ዝም ያልኩት ታጋሽ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፍርሃት ነው። ጸልዬ እየተንቀጠቀጥኩ ጠየቅኩ። የሁለቱን ወር ሰጡኝ፤ አንዱ እስከ ዛሬ አለ። አሁንም እጠይቃለሁ። ልዩነቱ፣ ስጠይቅ በጥላቻ አለመሆኑ ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 ላይ እንደኛ የቤት ሠራተኛ የነበረች አንዲት ልጅ አለች። ከእስራኤል ተማርካ የሶርያውን ጦር አለቃ የንዕማንን ሚስት ታገለግል ነበር። ስሟ አልተጻፈም። ጌታዋ በለምጽ ሲታመም የሚድንበትን መንገድ ለእመቤቷ የተናገረችው እሷ ናት። ንዕማን ሄዶ ታጥቦ ሥጋው እንደ ትንሽ ልጅ ሥጋ ሆነ። ስለ ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ ምንም አልተጻፈም። ድሮ ይህ ያናድደኝ ነበር። ንዕማን ታደሰ፤ እሷስ? ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች ወይ?

አሁን ሳስበው ከንዕማን በፊት የታደሰችው እሷ ናት። ምርኮ ልቧን አላስረጀባትም። በሰው ቤት ሆና የሌላው ሕመም ይሰማት ነበር። ነገር ግን የሷ ደግነት ማርከው የወሰዷትን ሰዎች ትክክለኞች አያደርጋቸውም። ሁለቱንም አብረን እንያዝ፤ አንዱን ጥለን ሌላውን ብቻ ከያዝን ወይ እንመራለን ወይ እንሰበራለን።

አደይ አበባ ስትመጣ አዲስ መሬት ፈልጋ አይደለም። ባምናው መስክ ላይ፣ ያው ጭቃ ውስጥ ነው የምትፈካው። እኛም አገር እስክንገባ፣ ቤት እስክንቀይር፣ ኮንትራት እስኪያልቅ ብለን መታደሳችንን አናሳድረው።

መውጫ ቀን የሌላችሁና ይህ ወረቀት በሰው እጅ የሚደርሳችሁ እህቶቼ፣ ከሁሉ በላይ እናንተን አስቤ ነው የጻፍኩት። የምትችሉትን ታውቃላችሁ፤ አብዝቼ አልመክራችሁም። ነገ ጠዋት ግን ከፊታችሁ ያለችውን አንዲት ሰው ስሟን ጠይቋት። አዲስ የመጣች ካለች ደግሞ "ትለምጂዋለሽ" አትበሏት። ሌላ የምትሉት ካጣችሁ ዝም ብላችሁ አብራችኋት ቁሙ።

የዕለት እንጀራችንን የሚሰጠን አምላክ የዕለት አዲስነታችንንም ይስጠን። አሜን።

የኅብረታችሁ እህት፣ ከቤይሩት